ስለ ራስን ማጥፋት ሲነገር ሰሚው እንዴት ይጠበቅ?

በዚህ የትምህርት ወራት የተማሪዎች ማኅበራችን ለውይይት ምሽቱ አርእስት ሲመርጥ፣ ራስን ስለ ማጥፋት ይነገር ወይስ አይነገር የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ክርክሩ ሁለት ወገን ነበረው። አንደኛው ወገን «ይህን የመሰለ ነገር በአደባባይ ማንሣት ያላሰበውን ሰው ማሳሰብ ነው፤ ዝም ይባል» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ዝምታ ብዙ ሰው በልቷል፤ ስለዚህ ምንም ሳይሸሸግ፣ የሆነው ሁሉ እንደ ሆነ ይነገር» አለ። ሁለቱም ወገኖች የተናገሩት ከቅን ልቡና መሆኑን አንጠራጠርም። ነገር ግን ጉዳዩን የመረመሩ ሰዎች የጻፉትን ተመልክተን ባመዛዘንነው ጊዜ፣ ሁለቱም የእውነቱን እኩሌታ ብቻ እንደ ያዙ ተረዳን። መነገሩስ ይነገር፤ ዳሩ ግን የሚነገርበት አኳኋን ሰውን ሊያድንም ሊጐዳም ይችላልና፣ ጥያቄው «ይነገር ወይስ አይነገር» መሆኑ ቀርቶ «እንዴት ይነገር» መሆን ይገባዋል። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መግለጽ ነው።

በመጀመሪያ የነገሩን ስፋት እንመልከት። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በያመቱ ከ720,000 የሚበልጥ ሰው ራሱን በማጥፋት ይሞታል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 ዓመት በሆነ ወጣቶች ዘንድ በ2021 ይህ አሟሟት ከሞት ምክንያቶች ሁሉ ሦስተኛው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹን፣ «በእኛ አቈጣጠር» ካላልን በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።) ከሚሞቱትም ውስጥ ከአራቱ ሦስቱ ያህል የሚገኙት ገቢያቸው ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። እንግዲህ «ይህ የጥጋበኛ አገር በሽታ ነው፤ እኛን አይነካንም» የሚለው የተለመደ አነጋገር ከእውነት የራቀ ነው። ከ15 እስከ 29 ዓመት የተባሉትም ሩቅ ያሉ ሰዎች አይደሉም፤ በየመማሪያ ክፍሉ አብረውን የሚቀመጡት ናቸው።

ከዚህ በኋላ አዳራሹን በዐይነ ኅሊና እንየው። ሰው ሞልቶ ተቀምጧል፤ ተናጋሪው መድረክ ላይ ወጥቷል። ከተሰበሰበው መካከል አብዛኛው ለዕውቀት ወይም ምሽቱን ለማሳለፍ የመጣ ነው። ነገር ግን አንዷ ወንድሟን በዚህ መንገድ ያጣች ናት፤ አንዱ ከሁለት ዓመት በፊት ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ የተረፈ ነው፤ ሌላው ትናንት ሌሊት ይህንኑ ሲያስብ ያደረ ነው፤ ሌላዋ ደግሞ የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ሁኔታ አላምራት ብሎ ወር ሙሉ ስትጠብቃት የከረመች ናት። እነዚህ ሰዎች እጃቸውን አያወጡም፤ ፊታቸውን አይቶም መለየት አይቻልም። ለብዙ ዘመን አንድ ሰው ራሱን ሲያጠፋ ነገሩ የሚነካቸው ሰዎች 6 ያህል ብቻ ናቸው ይባል ነበር። በአሜሪካ የተደረገና በ2019 የታተመ ጥናት ግን፣ ሟቹን የሚያውቁና ሞቱ የሚደርስባቸው ሰዎች 135 ያህል መሆናቸውን ገምቷል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ለመናገር የሚነሣ ሰው ሁሉ፣ ከፊቱ ከተቀመጡት መካከል ቁስለኛ እንዳለ አድርጎ መናገር አለበት፤ አለና።

አሁን «ዝም ይባል» ወደሚሉት እንመለስ። ዝምታ ደኅና መጠለያ አለመሆኑን የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ቻድ ቫራ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በ1935 ገና ጀማሪ ካህን ሳለ፣ ራሷን ያጠፋች የአንዲት ልጃገረድ ቀብር ላይ ጸሎት እንዲያደርስ ታዘዘ። ልጅቱ የሞተችው የወር አበባ ሲመጣባት ክፉ የአባለዘር በሽታ የያዛት መስሏት ነበር። ምን እንደ ደረሰባት የምትጠይቀው አንድ ሰው እንኳ አላገኘችም። ቫራ ይህን አልረሳም፤ በ1953 በለንደን ከተማ ጭንቀት የያዘው ሰው ደውሎ የሚነጋገርበት አንድ የስልክ መስመር ከፈተ። ከዚያ በኋላ ያስተዋለው ነገር ደግሞ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ወረፋ ለሚጠብቁት ሰዎች ሻይ እየቀዱ የሚያጫውቱ በጎ ፈቃደኞች ነበሩት፤ ብዙዎቹ እንግዶች ከእነዚያ ሰዎች ጋር ተነጋግረው ልባቸው ሲቀልላቸው፣ ቄሱን ሳያዩ ይመለሱ ነበር። «ሳማሪታንስ» የተባለው ማኅበር ከዚህ ተነሥቶ አደገ። የኛም አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ።

«ማንሣቱ ማሳሰብ ነው» የሚለውም ስጋት በጥናት ተመርምሯል። በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በ6 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 2,342 ተማሪዎች በዕጣ ከሁለት ተከፍለው፣ እኩሌቶቹ ራስን ስለ ማጥፋት አስበው እንደ ሆነ በግልጥ ተጠየቁ፤ እኩሌቶቹ አልተጠየቁም። ከሁለት ቀን በኋላ ሁሉም በተመረመሩ ጊዜ፣ የተጠየቁት ካልተጠየቁት ይልቅ አልተጨነቁም፤ ሐሳቡም አልበረታባቸውም። እንዲያውም ቀድሞ ሞክረው ከነበሩትና ከባድ ትካዜ ካለባቸው መካከል የተጠየቁት ጭንቀታቸው ቀለል ያለላቸው ይመስል ነበር። ይህ ጥናት በ2005 ታትሟል። እንግዲህ አንድን ሰው በርኅራኄ «ራስህን ለማጥፋት ታስባለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ የሚገድል ጥያቄ አይደለም።

ታዲያ ነገሩ እንዲህ ከሆነ «ሁሉም ሳይሸሸግ ይነገር» የሚሉት ትክክል ናቸው ማለት ነውን? አይደለም። ስለ ሰውየው ጭንቀት መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ሟቹ አሟሟት በዝርዝር መተረክ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የዚህን ልዩነት ታሪክ ያሳየናል።

ጀርመናዊው ደራሲ ጌተ በ1774 ስለ ወጣቱ ቬርተር ኀዘን የሚተርክ ልብ ወለድ አሳተመ። ባለታሪኩ በፍቅር ተስፋ ቈርጦ ራሱን ያጠፋል። መጽሐፉ በአውሮፓ ወጣቶች ዘንድ እንደ እሳት ተቀጣጠለ፤ ልብሱን አስመስለው የለበሱ ብዙዎች ነበሩ፤ አሟሟቱንም የተከተሉ አሉ የሚል ወሬ ተነሣ። የወሬውን ግነት ታሪክ ጸሐፊዎች ቢጠራጠሩትም፣ የላይፕሲግ ከተማ ሹማምንት በ1775 መጽሐፉንም አለባበሱንም ከለከሉ። ጌተ ራሱ በዚያው ዓመት በወጣው እትም ላይ አንባቢው ባለታሪኩን እንዳይከተል የሚመክር ግጥም ጨመረበት። ከ200 ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ዴቪድ ፊሊፕስ የተባለ አሜሪካዊ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ከ1947 እስከ 1968 የወጡትን ጋዜጦች ከሞት መዝገብ ጋር አስተያየ። በጋዜጣ ፊት ገጽ ላይ ራሱን ስላጠፋ ሰው ወሬ ከወጣ በኋላ በአገሩ ውስጥ በዚህ መንገድ የሚሞተው ሰው ቍጥር ከፍ ይል ነበር፤ ወሬው ብዙ ቀን በተጻፈ መጠንም ጭማሪው ይበልጥ ነበር። ፊሊፕስም ነገሩን «የቬርተር ውጤት» ብሎ ሰየመው።

የበለጠ የሚያስደንቀው ግን የቪየና ታሪክ ነው። ከ1984 ጀምሮ በኦስትሪያ ዋና ከተማ በአንድ ዓይነት ስፍራ የሚፈጸም ራስን ማጥፋት እየበዛ ሄደ፤ ጋዜጦችም በሰፊው፣ በፎቶግራፍ ጭምር፣ ይጽፉት ነበር። (ስፍራውንና አኳኋኑን እዚህ ያልጻፍነው ረስተነው አይደለም።) በ1987 እኩሌታ ላይ የአገሩ ሐኪሞች ለጋዜጠኞች መመሪያ አወጡ፤ ዝርዝሩን አትጻፉ፣ ፊት ገጽ ላይ አታውጡ፣ ምክንያቱን አታቅሉት ብለው ለመኗቸው። ጋዜጠኞቹም እሺ አሉ። በዚያ ስፍራ የሚደርሰው ሞትና ሙከራ ከ1987 የመጀመሪያ እኩሌታ እስከ ሁለተኛው እኩሌታ ድረስ ባለው ጊዜ ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ፤ ከዚያም በኋላ ዝቅ እንዳለ ቈየ። አዲስ ሕግ አልወጣም፤ የተለወጠው የአጻጻፉ ዐይነት ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2000 ለጋዜጠኞች ተመሳሳይ መመሪያ አውጥቷል፤ የመጨረሻው እድሳት የ2023 ነው።

ይህ እስካሁን የተናገርነው ስለ መከተል ነው። ሰሚውን የሚያገኘው ጉዳት ግን ይህ ብቻ አይደለም። ሳይከተልም ሊቈስል ይችላል። ሊሳ ማካንና ሎሪ ፐርልማን በ1990፣ ቻርልስ ፊግሊ ደግሞ በ1995 እንደ ገለጹት፣ የሌላውን ሰው መከራ በቅርብ የሚሰሙ ሰዎች፣ ማለት ሐኪሞችና አማካሪዎች፣ መከራው በራሳቸው ላይ የደረሰ ያህል ሊታመሙ ይችላሉ። እኛ ይህን «የሰሚ ቁስል» ብንለው ነገሩን የሚገልጠው ይመስለናል። ምልክቶቹ ብዙ ናቸው፤ የተነገረው ነገር ሥዕል ሆኖ ሳይጠሩት ይመጣል፤ እንቅልፍ ይነሣል፤ ሰውየው ይደነግጣል፣ ይቈጣል፣ ወይም በተቃራኒው ልቡ ደንዝዞ ምንም አይሰማውም፤ ወሬውን የሚያስታውሰውን ቦታና ሰው ይሸሻል። ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ኀዘን በደረሰበት ሰው ላይ ይህ ይጠናል። ወንድሟን ያጣችው እኅታችን ተናጋሪው የሌላ ሰው አሟሟት በዝርዝር ሲተርክ፣ የምትሰማው የዚያን ሰው ታሪክ አይደለም፤ የወንድሟን ነው።

እዚህ ላይ ከዚሁ ከቪየና የመጣ ሌላ ጥናት ያጽናናናል። በ2010 ኒደርክሮተንታለር የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በኦስትሪያ በ2005 የወጡ 497 ጽሑፎችን መረመረ። ስለ ሞት ደጋግመው የሚያትቱት ጽሑፎች ከሞት መብዛት ጋር ሲገናኙ፣ አንድ ሰው ራሱን ለማጥፋት አስቦ ሳለ ጭንቀቱን እንዴት እንዳለፈው የሚተርኩት ግን ከሞት መቀነስ ጋር ተገናኙ። ይህንንም «የፓፓጌኖ ውጤት» አሉት። ፓፓጌኖ ሞዛርት በ1791 ባወጣው «የአስማት ዋሽንት» በተባለ የሙዚቃ ቲያትር ውስጥ ያለ ወፍ አዳኝ ነው፤ የሚወዳትን ያጣ መስሎት ሊሞት ሲል ሦስት ልጆች መጥተው ሌላ መንገድ እንዳለው ያስታውሱታል፤ እሱም ይተርፋል። እንግዲህ ንግግር መርዝም መድኃኒትም ይሆናል ማለት ነው። መድኃኒት የሚሆነው የመትረፍን መንገድ በሰፊው ሲያሳይ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች አንድ የተለየ ጥንቃቄ አለ፤ ይኸውም የቃላችን ጉዳይ ነው። ስለ ሞተ ሰው «ዐረፈ» ማለት የአክብሮት አነጋገር ነው። ነገር ግን ራሱን ስላጠፋ ሰው በአዳራሽ ስንናገር «ዐረፈ»፣ ይልቁንም «ተገላገለ» ብንል፣ ዕረፍት ያጣው ሰሚ የሚሰማው ሌላ ነገር ነው፤ ዕረፍቱ እዚያ አለ እንዳልነው ሊቈጥረው ይችላል። ሞክሮ ስለ ዳነ ሰው ደግሞ «ሳይሳካለት ቀረ» የሚሉ አሉ፤ ታዲያ የተሳካው ሞቱ ነው ማለት ነውን? «ተረፈ» የሚል የከበረ ቃል አለን፤ እሱን ማለት ይበቃል። በሌላ ወገን ደግሞ «ርጉም»፣ «ፈሪ»፣ «እብድ» የሚሉት ስድቦች አሉ። እነዚህ ቃላት ሟቹን አያገኙትም፤ የሚያገኙት እናቱንና እኅቶቹን ነው። በጭንቀት ያለውንም ሰው ስሜቱን ለማንም እንዳይገልጥ አፉን ይዘጉታል። ስለዚህ ሳናሞግስም ሳንሰድብም «ራሱን በማጥፋት ሞተ» ብለን በቀጥታ እንናገር። ምክንያቱንም ስንናገር «በፈተና ስለ ወደቀ» ወይም «ፍቅረኛው ስለ ተወችው» ብለን በአንድ መስመር አንዝጋው። ብዙ ነገር፣ ሕመምም ጭምር፣ ተደራርቦ ነው ሰውን እዚያ የሚያደርሰው። አንዱን ምክንያት ብቻ ብንጠራ፣ በፈተና የወደቀው ሌላው ተማሪ መንገዱ ያ ነው ብሎ እንዲያስብ እናደርገዋለን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ቃሉን ከመናገር በፊት መመርመር ይሻላል።

የኛ አገር ባህል በዚህ በኩል ባዶ እጁን አለመሆኑን መግለጽ እንወዳለን። የመርዶን ሥርዐት እናስታውስ። ሰው ሲሞት ወሬውን እንዳገኙ ሮጠው ለእናቲቱ አይነግሯትም። በመጀመሪያ የቅርብ ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ምሽት ከሆነ ትደር፣ ትተኛ ይባላል፤ ማለዳ ሲነጋጋ ሰው ከቧት ይነገራታል፤ ስትወድቅም የሚደግፍ እጅ በግራና በቀኝ አለ። ከተነገራትም በኋላ ብቻዋን አትተዋትም፤ ለቀስተኛው ይመጣል፤ ዕድሩ ድንኳኑን ይተክላል፤ እህል ውሃ ይቀርብላታል። በአሜሪካና በአረብ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን እንኳ መርዶ ሲደርሳቸው ወሬውን ለባለቤቱ በስልክ እንዲሁ አይጥሉበትም፤ ጓደኞቹ ቤቱ ከተሰበሰቡ በኋላ ነው የሚነግሩት። በዚህ ሥርዐት ውስጥ እውነቱ አይሸሸግም። የሚታሰብበት ጊዜው፣ ሰዓቱ፣ ተናጋሪውና ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነው። የአደባባይ ንግግር የጐደለው ይኸው ነው። መርዶ ነጋሪው ለአንዲት እናት የሚያደርገውን ጥንቃቄ፣ ለብዙ ሰው የሚናገር ሰው ከቶ ሊያንሰው አይገባም።

እንግዲህ ይህን ሥርዐት ወደ ውይይት አዳራሽ ብናመጣው እንዲህ ይሆናል። ከንግግሩ በፊት አርእስቱ በማስታወቂያው ላይ በግልጥ ይጻፍ፤ ማንም በቀልድ ምሽት መካከል በድንገት አይስማው። ሰዓቱ ሌሊት ሳይገፋ፣ ሰው ገና ሳይበተን ይሁን። አንድ የሥነ ልቡና አማካሪ ወይም ሐኪም እዚያው እንዲገኝ ይጠየቅ። በሩ አይዘጋ፤ የሚወጣ ሰው ቢኖር ማንም «ምን ሆነ?» ብሎ አይዙርበት፤ ግን በሩ አጠገብ ሁለት የታወቁ ሰዎች ተቀምጠው፣ የወጣው ሰው ብቻውን እንዳይሆን ቀስ ብለው ይከተሉት። በንግግሩ ጊዜ አሟሟቱ፣ የተሞተበት መሣሪያና ስፍራ፣ ሟቹ የተወው ደብዳቤ አይነገር፣ አይነበብ፤ ፎቶግራፍም አይታይ። ከግቢያችን የሞተ ሰው ቢኖር በስሙ አይነሣ። ጥያቄ በወረቀት ተጽፎ ለሊቀ መንበሩ ይሰጠው፤ ምክንያቱም ጠያቂው ሳያስበው ሌላውን የሚያቈስል ዝርዝር ሊናገር ይችላልና። ዝርዝር ውስጥ የሚገባ ተናጋሪ ቢኖር ሊቀ መንበሩ በትሕትና ያቋርጠው። የንግግሩም ፍጻሜ ከሁሉ የከበደው ታሪክ አይሁን፤ ሰው እንዴት እንደሚተርፍና እርዳታ የት እንደሚገኝ ተነግሮ ያብቃ። ከንግግሩ በኋላ ሻይ ይፍላ፤ ሰው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አብሮ ይቀመጥ። በማግስቱም እያንዳንዱ የመኝታ ክፍል ጓደኛውን «እንዴት አደርክ?» ይበለው፤ ከልቡ ይበለው።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ጣጣ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ ላይ ‘የሚረብሸው ይውጣ’ ብሎ ማስጠንቀቅ አይበቃምን?» የሚለን ይኖራል። አይበቃም። እንዲህ ያሉትን ማስጠንቀቂያዎች የመረመሩ 12 ጥናቶች ተሰባስበው በ2023 ውጤታቸው ታይቷል። ማስጠንቀቂያው በኋላ የሚመጣውን ጭንቀት አልቀነሰም፤ ሰውም ሰምቶት ከነገሩ አልራቀም፤ እንዲያውም ነገሩ ከመምጣቱ በፊት ያለውን ስጋት ጨመረ። ይህ ማለት አርእስቱን አስቀድሞ ማሳወቅ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ሰው ምን ሊሰማ እንደሚሄድ ማወቅ መብቱ ነው። ዳሩ ግን አስጠንቅቆ የፈለጉትን መናገር፣ «ጠርሙስ ወርውሬብሃለሁና ዞር በል» ብሎ እንደ መወርወር ነው። ሰሚውን የሚጠብቀው በንግግሩ ውስጥ ያለው ጥንቃቄ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለሆንን ደግሞ አንድ ከባድ ጥያቄ ከፊታችን ይቆማል። ሥነ ጽሑፋችን በዚህ አሟሟት የተሞላ ነውና ምን እናድርግ? ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱት «ሮሜዎና ዡልየት» የሚፈጸመው በዚህ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር በመቅደላ የሞቱት በገዛ እጃቸው ነው፤ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በቲያትር፣ አቤ ጉበኛ በልብ ወለድ ታሪካቸውን ጽፈዋል። እነዚህን ሥራዎች መተው ወይም ማፈን የሚል ሐሳብ የለንም፤ የላይፕሲግ ሹማምንት መጽሐፍ በመከልከላቸው የጠቀሙት ነገር የለም። የምንለው ስናስተምርም ሆነ ስናሳይ ምሉ አድርገን እንንገር ነው።

ብዙ ጊዜ የቴዎድሮስ ታሪክ በመቅደላ ጫፍ ላይ፣ በጭብጨባ መካከል ይፈጸማል። ነገር ግን ታሪኩ እዚያ አላለቀም። ባለቤታቸው እቴጌ ጥሩወርቅ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከእንግሊዝ ጦር ጋር በጉዞ ላይ ሳሉ ሞቱ። የ7 ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1879 በ18 ዓመቱ በሰው አገር አረፈ። ንጉሡ በሕይወታቸው ሳሉ የደከሙበት አንድነት፣ በጋፋት ያሠሩት መድፍ፣ የሰበሰቡት መጽሐፍ አለ። ወጣቱ ተመልካች ከሰውየው ሁሉ የመጨረሻዋን ደቂቃ ብቻ ይዞ ከወጣ፣ ቴዎድሮስንም አላወቃቸውም፣ እሱም ተጐዳ። ስለ ሮሜዎም ቢሆን፣ ተውኔቱ ራሱ የሚያስተምረን አለ። ካህኑ የላከው ደብዳቤ ባይቀርበት፣ ወይም እሱ ጥቂት ቢታገሥ ኖሮ፣ ዡልየት በሕይወት ነበረች። ይህንን መምህሩ ቢያስተውል፣ ተስፋ የሌለ መስሎ በሚታይበት ሰዓት ተስፋው ደጅ ላይ ሊሆን እንደሚችል ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም። ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ከተረፈው ሰው አብዛኛው ኋላ በዚያ መንገድ አለመሞቱም ይህንኑ ያጸናል፤ ያ የጨለማ ሰዓት ያልፋል።

ቲያትር የሚያዘጋጁ ጓደኞቻችንም ትዕይንቱን ከመድረክ ጀርባ ማድረግ እንደሚቻል ያውቃሉ፤ የግሪክ ባለ ተውኔቶች አብዛኛውን ሞት ከዐይን አርቀው በመልእክተኛ ቃል ነበር የሚያሰሙት፤ የኀዘኑ ክብደት ግን አልቀነሰም። ባለ ታሪኩን ሆኖ የሚጫወተው ተማሪም ሰው መሆኑ አይረሳ። በየልምምዱ ማታ ማታ ሲሞት የከረመ ልጅ፣ ልምምዱ ሲያልቅ ብቻውን ወደ መኝታው መሄድ የለበትም። ይህ ለተናጋሪውም ይሆናል። ለንግግሩ ሲዘጋጅ ሳምንት ሙሉ ይህን ሲያነብ የሰነበተ ሰው የሰሚ ቁስል የሚያገኘው ከሁሉ በፊት ነው። ስለዚህ ብቻውን አይዘጋጅ፤ የሚያነበው በቀን ብርሃን ይሁን፤ ከንግግሩ በኋላ የሚያጫውተው ጓደኛ ይኑረው። በራሱ ላይ ትኩስ ኀዘን ያለበት ሰው ደግሞ «አንተ ታውቀዋለህና ተናገር» ተብሎ አይገደድ።

ማኅበራችን ይህን ምሽት ከላይ በዘረዘርነው ሥርዐት እንዲያደርገው፣ እነዚህም ነጥቦች በአንድ ወረቀት ተባዝተው ለተናጋሪዎች ሁሉ አስቀድመው እንዲታደሉ አሳባችንን እናቀርባለን። ወጪው ጥቂት ወረቀትና ሻይ ነው።

ይህን ገጽ ከሚያነቡት መካከል የምንናገረው ነገር ለእሱ ወሬ ያልሆነበት ሰው ይኖራል። ወንድማችን ሆይ፣ እኅታችን ሆይ፤ የያዛችሁ ነገር ስም ያለው፣ ብዙ ሰውም ይዞት የለቀቀው ነው። ለአንድ ሰው ንገሩ፤ ለጓደኛ፣ ለመምህር፣ ለንስሐ አባት ወይም ለሼኽ፣ ለግቢው ክሊኒክ ሐኪም። በአዲስ አበባ ለአእምሮ ሕክምና የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ወደዚያ መሄድ ወባ የያዘው ሰው ወደ ሐኪም እንደሚሄደው ያለ ነው። የተነገራችሁም ጓደኞች፣ አትገሥጹ፣ አትደንግጡ፣ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ አትማሉ። በግልጥ ጠይቁ፤ አዳምጡ፤ ሌሊቱን ብቻውን አትተዉት፤ ሲነጋ እጁን ይዛችሁ አብራችሁት ሂዱ።